የኑድል ጥብስ በቤት፦ የቻይናው ቻውሜንና የፊሊፒንሱ ፓንሲት

ኑድል ቤት ውስጥ ሲጠበስ ወይ ይልፈሰፈሳል፣ ወይ ከመጥበሻው ሥር ይይዛል። የሁለቱም ምክንያት ውሃ ነው። ብዙ ሰው ግን ጥፋቱን ሶሱ ላይ ያሳብባል፤ ሌላ ጠርሙስ ይገዛል፣ ኑድሉ እንደ ድሮው ይሆናል።

ቻውሜን የሚሳካው ውሃ ከመጥበሻው ሲርቅ ነው። ኑድሉ አስቀድሞ ይቀቀላል፣ ይጠነፍፋል፣ እርጥበቱ ይደርቃል፣ ከዚያ በኃይለኛ እሳት ይጠበሳል። የፓንሲት አሠራር ተቃራኒው ነው። ያልበሰለው ኑድል ተለክቶ የተጨመረለትን መረቅ እዚያው መጥበሻ ውስጥ እየጠጣ ይበስላል። ዝምድናቸው የቅርብ ነው፤ ኑድልን ወደ ፊሊፒንስ የወሰዱት ቻይናውያን ናቸው፣ በማኒላ ያለው የቻይናውያን ሰፈር ቢኖንዶም የተቆረቆረው በ1594 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁን እንጂ አንዱን በሌላው ዘዴ የሠራ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። ስለዚህ ከዚህ በታች ለየብቻ ቀርበዋል።

እሳትና መጥበሻ

የቻይና ምግብ ቤት ምድጃ ከቤት ምድጃ ብዙ እጥፍ ኃይል አለው። እዚያ አምስት ሰው የሚያጠግብ ኑድል በአንድ ዎክ (ጎድጓዳ የቻይና መጥበሻ) ቢጠበስ ከአትክልቱ የሚወጣው ውሃ ወዲያው ይተንናል። ቤት ውስጥ ይኸው መጠን መጥበሻውን ያቀዘቅዘዋል፤ ውሃው ሥሩ ይጠራቀምና ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። መፍትሔው በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ብቻ መጥበስ፣ ሥጋውን፣ ኑድሉንና አትክልቱንም በየተራ ማስገባት ነው። አራት ሰው ከሆናችሁ ሁለት ጊዜ ጥበሱ። ጊዜ ይቆጥባል ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ መክተት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ክብ ሥር ያለው ዎክ ለጋዝ ምድጃ ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚነካው መሃሉን ብቻ ስለሆነ ጥቅሙ ይቀራል፤ 28 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሥረ ጠፍጣፋ የብረት መጥበሻ ይሻላል። የማያጣብቅ ሽፋን ያለውን መጥበሻ ባዶውን በከፍተኛ እሳት አታግሉት፤ ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መበላሸት ይጀምራል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ዘይቱን አስቀድማችሁ ጨምራችሁ በመካከለኛ እሳት ሥሩ፤ የኑድሉ ቡናማ ጠርዝ ይቀንሳል እንጂ ምግቡ ይበላል።

የብረት መጥበሻ መጋሉን በውሃ ጠብታ ፈትኑ። ጠብታው እዚያው ፈልቶ ካለቀ ገና ነው። ተድቦልቡሎ ከተንከባለለ ደርሷል፤ ያን ጊዜ ዘይት ጨምሩ። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እዚህ ለመድረስ አራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ አትቸኩሉ። የሱፍ ዘይት ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። የሰሊጥ ዘይት ግን መዓዛ እንጂ መጥበሻ አይደለም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይገባል።

ለወጥ ሽንኩርት ማቁላላት የለመደ እጅ እዚህ ልማዱን መቀየር አለበት። ለወጥ ቀስ ብሎ መጠበቅ ነው ጣዕሙን የሚያወጣው። እዚህ ካሮቱ በአንድ ደቂቃ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በ15 ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ እሳት ከመለኮሱ በፊት ሁሉም ተቆርጦ፣ ሶሱም ተደባልቆ በየሳህኑ አጠገባችሁ ይቀመጥ። መጥበሻው ከጋለ በኋላ ካሮት መላጥ የጀመረ ሰው ነጭ ሽንኩርቱን ማሳረሩ አይቀርም።

የሶሶቹ ድርሻ

ሶያ ሶስ ሁለት ዓይነት ነው። ቀጭኑና ፈዘዝ ያለው ለጨውነት ነው፤ ወፍራሙና ጥቁሩ ለቀለም። ጥቁሩ በጥንቃቄ የሚለካ ነው፤ ለሁለት ሰው ምግብ ከ1 የሻይ ማንኪያ ካለፈ ኑድሉ ይጠቁርና ይመርራል። ጠርሙሱ ላይ ዓይነቱ ካልተጻፈ ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩት፦ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀስ እያለ የሚወርደው ጥቁሩ ነው።

ኦይስተር ሶስ የሚሠራው ከባሕር ቀንድ አውጣ ዘመዶች ነው። ለማይበሉት በእንጉዳይ የተሠራ አለ፤ ጣዕሙ በጣም ይቀርባል፣ ለጾምም ይሆናል። የቻይና አብሳዮች ብዙ ጊዜ 1 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ወይን ይጨምራሉ። አልኮል የማይነካ ሰው በምትኩ ያንኑ ያህል መረቅ ከጥቂት ኮምጣጤ ጋር ያድርግ። ፊሊፒናውያን ፓቲስ የሚሉት የዓሣ ሶስ ሽታው ከጠርሙሱ ሲወጣ ያስፈራል፤ ሲሞቅ ግን ሽታው ይጠፋና ጣዕሙ ይቀራል። ከሌለ ሶያ ሶሱን በ1 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። በዱባይ፣ በዶሃና በቤይሩት የፊሊፒንስ ሸቀጥ የሚሸጡ መደብሮች ፓቲሱንም ኑድሉንም ይይዛሉ።

ቻውሜን በበሬ ሥጋ፣ ለሁለት ሰው

ለኑድሉ፦ 250 ግራም ትኩስ ወይም 170 ግራም ደረቅ የእንቁላል ኑድል።
ለሥጋው፦ 200 ግራም ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀጭን ሶያ ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት።
ለሶሱ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ቀጭን ሶያ ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ።
አትክልት፦ 100 ግራም ጥቅል ጎመን፣ 1 ትንሽ ካሮት፣ 100 ግራም የማሾ ቡቃያ፣ 3 ዘለላ የሽንኩርት ቅጠል፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል።
ለመጥበሻ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በመጨረሻ 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት።

1. ሥጋውን ለ30 ደቂቃ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ፤ ጠንከር ሲል በቀጭኑ መቁረጥ ይቀላል። በሥጋው ክር አግድም፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ። በክሩ ርዝመት የተቆረጠ ሥጋ ምንም ቢደረግለት ለማኘክ ያስቸግራል። ከሶዳው፣ ከውሃው፣ ከሶያ ሶሱና ከስታርቹ ጋር እስኪመጠው ድረስ በእጅ አሹት፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይግባ። ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ይቆይ። ሶዳው የሥጋውን ላይኛ ክፍል አልካላይን ስለሚያደርገው ፕሮቲኑ ሲሞቅ አጥብቆ አይጨማደድም፤ በርካሽ ሥጋ የሚሠራ የቻይና ጥብስ ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ነው። ከሩብ ማንኪያ አታሳልፉት፣ የሳሙና ጣዕም ያመጣል።

2. ኑድሉን በብዙ ውሃ ቀቅሉ። ትኩሱ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ደረቁ ጥቅሉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አንድ ቀደም ብሎ ይውጣ፣ መጥበሻው ላይ ገና ይበስላልና። አዲስ አበባ ላይ ግን ሒሳቡ ይለያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጥቅሉ ላይ ያለው ሰዓት ለባሕር ዳርቻ ከተሞች የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ጊዜ ስጡትና አንድ ክር ነክሳችሁ እዩ፦ መሃሉ ላይ በጣም ቀጭን ነጭ ነጥብ ሲቀር አውጡ።

3. ወዲያው ወንፊት ላይ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እየነካካችሁ እጠቡት። ይህ መብሰሉን ያቆማል፣ የሚያጣብቀውን ስታርችም ያጥባል። በደንብ አጠንፍፉና ሰፊ ትሪ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። ለ20 ደቂቃ ይተው። ሲነካ እጅ የማያርስ መሆን አለበት። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው መጥበሻው ላይ የሚጣበቅ ኑድል ያገኛል፤ ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚከበር ቢሆን ይህ ይሁን።

4. መጥበሻውን አግሉ። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ሥጋውን ዘርግታችሁ አስገቡ። 45 ሰከንድ አትንኩት። ገልብጡ፣ ሌላ 30 ሰከንድ፣ ወደ ሳህን ይውጣ። መሃሉ ትንሽ ቀይ ቢሆን ግድ የለም፤ ኋላ ተመልሶ ይበስላል።

5. 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ኑድሉን መጥበሻው ላይ ዘርጉት። ማማሰል የለም። ለ2 ደቂቃ እዚያው ይተኛ፤ ሥሩ ወርቃማ ነጠብጣብ ሲያወጣ በሰፊ ማንኪያ ገልብጡት፤ ሌላ 2 ደቂቃ። አሁን ያዛችሁት ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ጠርዙ የደረቀ ኑድል ነው፤ የቻውሜን ደስታው እሱ ነው። ወደ ሳህን አውጡ።

6. የቀረውን 1 ማንኪያ ዘይት፣ ዝንጅብሉንና በቀጭኑ የተከተፈውን ካሮት አስገብታችሁ 1 ደቂቃ። ጥቅል ጎመኑን ጨምራችሁ ሌላ 1 ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርቱ አሁን ነው የሚገባው፤ መጀመሪያ ከገባ በዚህ እሳት ይቃጠልና ምግቡን ሁሉ መራራ ያደርገዋል።

7. ኑድሉንና ሥጋውን መልሱ። ሶሱን መሃል ላይ ሳይሆን በመጥበሻው ጠርዝ ዙሪያ አፍስሱት፤ የጋለ ብረት ነክቶ ቸስ ሲል ውሃው ይተንና ጣዕሙ ይጨመቃል። በመቆንጠጫ ወይም በሁለት ሹካ እያነሣችሁ 1 ደቂቃ ያህል አገላብጡ። ቡቃያውንና የሽንኩርት ቅጠሉን አስገብታችሁ ሠላሳ ሰከንድ፤ እሳቱን አጥፉ፤ የሰሊጥ ዘይት። መጥበሻው ሥር ሶስ ከቀረ ገና አልጨረሳችሁም፤ ካለቀ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ አትጨምሩ።

የእንቁላል ኑድል በሌለበት ቀጭን ስፓጌቲ ይተካዋል፤ ግን በተራ ውሃ ብቻ ከቀቀላችሁት ፓስታ ፓስታ ይላል። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ቀቅሉት። የቻይና ቢጫ ኑድል ብዙ ጊዜ የሚቦካው በአልካላይን ውሃ ነው፤ ሶዳው ያንን ቢጫነትና የሚለጠጥ አካል ለስፓጌቲው ያውሰዋል። ውሃው ብዙ አረፋ ስለሚደፍቅ ድስቱ ትልቅ፣ ግማሹም ባዶ ይሁን። ጨው አታድርጉ፤ ሲወጣ ከሌላው ጊዜ በበለጠ እጠቡት። በየሱቁ ያለው ፈጣን ኑድልም ይቻላል፦ አንድ ደቂቃ ብቻ ቀቅሉና በውስጡ ያለችውን ቅመም ተዉት፣ ሶሱ ላይ ተጨምሮ ጨው ያበዛል።

ፓንሲት በነጭ ኑድል፣ ለአራት ሰው

ፊሊፒናውያን ‹‹ቢሆን›› የሚሉት ኑድል እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ነው። ሁለት ዓይነት ጥቅል አለ፦ ከሩዝ ብቻ የተሠራና የበቆሎ ስታርች ያለበት። ጀርባው ላይ ያለውን አንብቡ። የሩዙ ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ይሰባበራል፤ ስታርች ያለበት ብዙ መገላበጥ ይችላል። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ።

225 ግራም ነጭ ኑድል፣ 300 ግራም አጥንት ያለው የዶሮ ሥጋ፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 6 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ካሮት፣ 100 ግራም ፎሶሊያ፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ፓቲስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ለማቅረቢያ ሎሚ። ፊሊፒንስ ውስጥ ሽሪምፕ፣ የአሳማ ሥጋ ወይም የቻይና ቋሊማ መጨመር የተለመደ ነው፤ ዶሮ ብቻውንም ሙሉ ፓንሲት ነው፣ የጎደለ አይደለም።

1. ዶሮውን በ1.2 ሊትር ውሃና በትንሽ ጨው ለ30 ደቂቃ ቀቅሉ። አውጡና በጣት በጣቱ ሸርክቱ፤ መረቁን አጥልሉ። 700 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ ለዩ፣ ቀሪውን ትንሽ እሳት ላይ ትኩስ አድርጋችሁ አቆዩት፤ ኋላ ይፈለጋል።

2. ኑድሉን በቀዝቃዛ ውሃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ አጠንፍፉ። ሙቅ ውሃ አይሆንም፤ ላዩ በስሎ መረቁን ለመጠጣት ቦታ አይኖረውም። ክሩን አትቁረጡ። በፊሊፒንስ ፓንሲት የልደት ምግብ ነው፤ ረጅሙ ክር የረጅም ዕድሜ ምልክት ስለሆነ መቁረጡ ይነወራል።

3. በመካከለኛ እሳት ነጭ ሽንኩርቱን ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱ፣ ግማሹን አውጥታችሁ ለላይ ማስጌጫ አስቀምጡ። ቀይ ሽንኩርቱ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ ዶሮውና ፓቲሱ 1 ደቂቃ።

4. ካሮትና ፎሶሊያ 2 ደቂቃ፣ ጥቅል ጎመን 1 ደቂቃ። አትክልቱንና ዶሮውን ሁሉ ወደ ሳህን አውጡ። ብዙ ሰው እዚያው ይተወዋል፤ ኑድሉ እስኪበስል ጎመኑ ይልማል፣ ከውስጡ የሚወጣውም ውሃ ልኬታችሁን ያዛባል።

5. በዚያው መጥበሻ 700 ሚሊ ሊትሩን መረቅ፣ ሶያ ሶሱንና ቁንዶ በርበሬውን አፍሉ። ቅመሱት። ለመጠጣት ትንሽ የሚበዛ ጨው ሊኖረው ይገባል፤ ኑድሉ ጨው የለውምና ይካፈለዋል። መረቁ ላይ ልክ ሆኖ የተቀመሰ ፓንሲት ሳህን ላይ አልጫ ይሆናል።

6. ኑድሉን አስገቡ፣ እሳቱን ከመካከለኛ ዝቅ አድርጉ። በሁለት ሹካ ከሥር እያነሣችሁ ልቀቁት፤ እንደ ወጥ በጭልፋ አታማስሉ፣ ክሩ ይበጣጠሳል። ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ መረቁ ያልቃል። አልቆ ክሩ አሁንም ቢጠነክር ካስቀራችሁት ትኩስ መረቅ ሩብ ኩባያ ጨምሩ። በተቃራኒው ክሩ ለስልሶ መረቅ ከቀረ እሳቱን ከፍ አድርጋችሁ መረቁ እንዲተንን ሳትሸፍኑ አንድ ደቂቃ አቆዩት።

7. አትክልቱንና ዶሮውን መልሱ፣ አገላብጡ፣ እሳቱን አጥፍታችሁ ለ3 ደቂቃ ክደኑት። በዚህ ጊዜ እርጥበቱ እኩል ይዳረሳል። ያስቀመጣችሁትን ነጭ ሽንኩርት በላዩ በትኑ። ሎሚው ለጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ሳህኑ ላይ ይጨምቃል። ፊሊፒናውያን የሚጠቀሙት ካላማንሲ የምትባል ትንሽ ፍሬ ናት፤ በኢትዮጵያ ገበያ ያለችው ትንሿ ሎሚ ከፈረንጁ ትልቅ ቢጫ ሎሚ ይልቅ ትቀርባታለች።

ፓንሲት ካንቶን በሌላ ኑድል የሚሠራ ያው ምግብ ነው። ኑድሉ ከስንዴ ዱቄት የተሠራ፣ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ የተጠበሰ፣ ቢጫና ተሰባሪ ነው። አይዘፈዘፍም። ለ225 ግራም 550 ሚሊ ሊትር መረቅ አፍሉ፣ ኑድሉን በላዩ አስቀምጡ፣ 1 ደቂቃ ክደኑ፣ ሲለሰልስ ገልብጡት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያልቃል። ሁለቱን ኑድል መቀላቀልም የተለመደ ነው፤ ነጩን አስቀድሙ፣ ካንቶኑን ከ3 ደቂቃ በኋላ አስከትሉ።

በየአውራጃው ሌላ ሌላ ፓንሲት አለ። የማላቦን ወፍራም ኑድል ከባሕር ምግብ ጋር ይሠራል። በኬዞን አውራጃ የምትገኘው ሉክባን ከተማ የራሷን በሙዝ ቅጠል ላይ አድርጋ፣ ኮምጣጤ አፍስሳ፣ ያለ ሹካ በአፍ ትበላለች። የቱጌጋራዎ ባቲል ፓቶንግ ደግሞ የጎሽ ሥጋና እንቁላል በላዩ ያለበት ነው። ከላይ ያለው የመረቅ ልኬት ግን ለቀጭኑ ኑድል ብቻ ነው፤ ለወፍራሙ አይሠራም።

ለጾም

ፓንሲት ለጾም ከቻውሜን ይቀላል፣ ምክንያቱም ነጩ ኑድል እንቁላል የለበትም። 20 ግራም ደረቅ እንጉዳይ በ800 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ውሃውን አጥልሉና በመረቅ ምትክ ተጠቀሙበት፣ እንጉዳዩን ከትፋችሁ በዶሮ ፋንታ። ሥሩ የሚቀረውን አሸዋ አታፍስሱ። ፓቲስ ቀርቶ ሶያ ሶሱ 5 ማንኪያ ይሁን። ቻውሜን ከፈለጋችሁ በሶዳ የተቀቀለውን ስፓጌቲ ተጠቀሙ፤ እንቁላል እንደሌለው ጥቅሉ ላይ አረጋግጡ።

ሲበላሽ

ኑድሉ ሶሱ ከመግባቱ በፊት እርስ በርሱ ከተያያዘ አልታጠበም ወይም ሳይዘረጋ ተከምሮ ቆይቷል። በቀዝቃዛ ውሃ እንደገና ፈታ አድርጋችሁ አድርቁት፤ በሹካ እየጎተታችሁ አትታገሉት። ከመጥበሻው ከተጣበቀ ደግሞ ሰው በደመ ነፍስ ይፍቀዋል። ተዉት። ዘይት በጠርዙ ጠብ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ሥሩ ሲደርቅ ራሱ ይለቃል።

ሥጋው ውሃ አውጥቶ ግራጫ ከሆነ መጥበሻው አልጋለም ወይም በዝቷል። ሥጋውን አውጡ፣ ውሃውን ድፉ፣ መጥበሻውን ጠርጋችሁ እንደገና አግሉ። ምግቡ ጨው ከበዛበት ውሃ መጨመር ቻውሜኑን ይገድለዋል፤ ቡቃያና ጥሬ ጎመን ጨምራችሁ አንድ ጊዜ አገላብጡት። ለፓንሲት ሎሚ ትንሽ ያርመዋል።

የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ በሁለት ሦስት ቀን ይበላ። ቻውሜን በጋለ መጥበሻ ከጥቂት ዘይት ጋር ይሞቃል፣ ውሃ አይነካውም። ፓንሲት ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖም መጠጣቱን ስለማያቆም ይደርቃል፤ ለአንድ ሳህን 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወይም መረቅ አርከፍክፋችሁ፣ ከድናችሁ፣ በትንሽ እሳት 4 ደቂቃ አሙቁት።